ዘጠኝ ለቤት፣ አንድ ለዘካ

በእኛ መንደር እህል የሚሰፈረው በአያቴ በብኸይታ እጅ ነበር። እጅ ስል የምሬን ነው። አሥር እፍኟ አንዷን ቅል እስከ አፏ ይሞላታል፤ አሥር ቁንጥሯ ደግሞ አንድ እፍኝ ይሆናል። ቅሊቱን ከእፍኟ ጋር ለማስማማት አፏን በቢላ እየፋቀች ሁለት ቀን ሙሉ እንደለፋችባት እናቴ ዐፊፋ ትነግረኝ ነበር። መንደራችን ከአሶሳ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል፣ ዙሪያውን ቀርቀሃ ነው። እዚያ ሁለት ሰዎች በማሽላ ቢጣሉ መጀመሪያ ሽማግሌ አይጠሩም፤ “ብኸይታ ትስፈረው” ይላሉ። ቅሏን በብብቷ ይዛ ትመጣለች፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

እኔ ስደርስባት አርጅታ ነበር። እጇ ከስቶ እፍኟም አንሷል። ይህን ከማንም በፊት ያወቀችው ራሷ ናት፤ ስለዚህ በቅል ሳይሆን በእፍኝ በምትሰፍርበት ጊዜ ከእያንዳንዱ እፍኝ በኋላ “ይቺ የእርጅናዬ ናት” እያለች ትንሽ ትጨምር ነበር። ዛሬ ነጋዴው ሚዛኑን በጣቱ ጫን ሲያደርግ ባየሁ ቁጥር ያቺ ጭማሪ ትዝ ትለኛለች፣ ደሜም ይፈላል። ለልጆቼ ብነግራቸው “እማ ደግሞ ጀመረች” ይሉኛል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፣ የፈለገ ያንብበው።

በልጅነቴ ያልገቡኝ ሁለት ጠባዮች ነበሯት። አንደኛው፣ እህል ስትሰፍር ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ግን ዝም ትላለች። አሥረኛውን ቅል ሳትጠራው፣ አንድ ሰው እስኪናገር እንደምትጠብቅ ሁሉ ትንሽ ቆም ብላ፣ ለብቻው ትደፋዋለች። ሁለተኛው፣ በየዓመቱ ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ በገባ ማግስት ስምንት ቀን ትጾማለች። ረመዳን አይደለም፣ የስለት ጾም ነው ብላም አታውቅም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት “የራሴ ጉዳይ ነው” ብላ ፊቷን ታዞራለች። የሁለቱንም ምክንያት ያገኘሁት ልትሞት ጥቂት ወራት ሲቀሯት ነው።

ባሏን፣ አያቴን ማህጁብን፣ አላየሁትም። የነገሩኝ ሁሉ ስለ ጥንቃቄው ነው። ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ሲጨርስ ክርኑ ላይ ደረቅ ቦታ የቀረ ይመስለውና እንደገና ይጀምራል። የጎረቤት ዶሮ ግቢው ውስጥ እንቁላል ብትጥል እንቁላሉን በእጁ ይዞ ባለቤቷን ሲፈልግ ይውላል። ብኸይታ “አቡ ዐፊፋ፣ ያንተን ሥራ የሚጽፉት መላእክት እኮ ምሳም አይበሉ” እያለች ታሾፍበት ነበር። እሱ አይቆጣም። አይስቅምም። ሠላሳ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ከጸሎቱና ከእርሻው ሌላ ብዙ ወሬ ያልነበረው ዝምተኛ ሰው ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1892 ዓ.ም. መኸር ላይ ነው። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ በርዶ ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ ተባለ። ማህጁብ በጎረምሳነቱ ከነጋዴዎች ጋር ያንን አገር ያቋረጠ፣ ዐረብኛውንም መንገዱንም የሚያውቅ ሰው ነበርና አራት ሰዎች መጥተው “ሐጅ እንሂድ፣ አንተ ምራን” አሉት። በእግር እስከ ሰዋኪን ወደብ፣ ከዚያ በጀልባ። ስድሳ ዓመቱ ነበር። በእኛ አገር ያን ጊዜ ለሐጅ የወጣ ሰው ተመልሶ ቢመጣ እንደ ተአምር ነበር የሚታየው። ብኸይታ “ሂድ” አለችው። አትሂድ ማለት አትችልም፤ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ነገር ነው። እንዳይሄድባት ግን ከልቧ ትፈልግ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ያለበትን ሁሉ አጥርቶ ነው የሚወጣው። ማህጁብ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየዞረ “ሀላል በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ” አለ፣ ከሃያ ዓመት በፊት በድንጋይ የመታውን ውሻ ባለቤት ሳይቀር። የቀረው የዓመቱ ማሽላ ዘካ፣ ከአሥር አንድ ለድሃ የሚወጣው፣ ብቻ ነበር። አውድማው ላይ ክምሩ ተወቅቶ፣ ተበራይቶ ይጠብቃል። ሁለት ቀን ሰፍሮ በሦስተኛው ቀን ሊወጣ ከአራቱ ሰዎች ጋር ተቀጣጠረ።

ከመስፈሩ በፊት ግን የመንደሩን የቁርኣን አስተማሪ ፈቂ ሐምዳንን ሊያማክር ሄደ። ፈቂው “ዘካህን እንዴት ነው የምታወጣው?” አሉት።

“እንደ ሁሉም ሰው ነው። አሥር ቅል ለቤት አስገባለሁ፣ ከዚያ አንድ ቅል ለዘካ።”

የመንደሩ ሁሉ ልማድ ይኸው ነበር። ከአሥር አንድ አውጡ ሲባሉ አሥሩን ከቆጠሩ በኋላ አንድ ይጨምራሉ፣ በቃ። ፈቂው ግን ጺማቸውን ጎተት አደረጉና “ያቺ ለዘካ ያወጣሃት ቅልስ?” አሉት። “እሷም ያንተው ማሳ ላይ አይደል የበቀለችው? የእሷ አሥረኛ አልወጣም እኮ። አውጣላት። ያለፈውን አላህ ይምርሃል፣ ሳታውቅ ነው።” ይህን ብለው ለቀብር ወደ ባምባሲ ሊሄዱ በቅሏቸው ላይ ወጡ፤ በቶሎም አልተመለሱም። እኔ ፈቂው ላይ ቂም የያዝኩት እዚህ ላይ ነው። እንደ ማህጁብ ላለ ሰው ግማሽ መልስ ሰጥቶ በቅሎ ላይ መውጣት ነውር ነው።

ማህጁብ አውድማው ላይ ተቀመጠ። ብኸይታ ትሰፍራለች፣ እሱ ይቆጥራል። አሥር ቅል ለቤት። አንድ ቅል ለዘካ። ለዚያች ለአንዷ ቅል ደግሞ አሥረኛዋ፣ አንድ እፍኝ ከክምሩ። ቀጣዩን አሥር ልትጀምር ስትል እጁን አነሳና “ቆይ” አላት። “ያቺ እፍኝም ከማሳዬ ናት።”

“እና?”

“የእሷም አሥረኛ አለ።”

ብኸይታ አንድ ቁንጥር ጨመረች። ቁንጥሩም ከማሳው ነው። ማህጁብ ሰፌድ አስመጥቶ ቁንጥሩን ፍሬ በፍሬ ቆጠረው፣ መቶ ሆነ፤ አሥር ፍሬ አወጣለት። ለአሥሩ ፍሬ አንድ ፍሬ አወጣ። ከዚያ ያቺን አንድ ፍሬ መዳፉ ላይ አድርጎ ተመለከታት። እሷም ከማሳው ናት፣ እሷም አሥረኛ አለባት፤ የማሽላ ፍሬ ደግሞ እንዴት አሥር ቦታ ይከፈላል? በጥርሱ ሊሰብራት ሞከረ፣ ዱቄት ሆነችበት። በመጨረሻ ለዚያች ላልወጣችው ቁራጭ አንዲት ጠጠር አስቀመጠና “አሥር ጠጠር ሲሞላ አንድ ፍሬ እጨምራለሁ” አለ። ትንሽ አሰበና “የዚያችን ፍሬ አሥረኛ ደግሞ…” ብሎ ሌላ ጠጠር ፈለገ።

ይህ ለመጀመሪያው አሥር ቅል ብቻ ነው። ክምሩ ከመቶ ጊዜ በላይ አሥር ቅል ይወጣዋል።

አሁን ማንም ያላወቀውን ልንገራችሁ። ብኸይታ በዚያው በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የነገሩን መቋጫ አግኝታው ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እጇ የሚያውቀው ነገር ነው፦ አሥር እፍኝ አንድ ቅል፣ አሥር ቁንጥር አንድ እፍኝ። በዘካው በኩል የተደረደረውን ስታይ መልሱ ታያት። አንድ ቃል ብትናገር ስፈራው በሁለት ቀን ያልቃል፣ በሦስተኛው ቀን ባሏ ይሄዳል። ስፈራው ካላለቀ ግን አይሄድም። ማህጁብ ዘካው ሳይጠራ አንድ እግሩን ከመንደር እንደማያወጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅሏን አንስታ “አንድ” ብላ ቀጣዩን አሥር ጀመረች።

ስምንት ቀን እንዲህ ተቀመጡ። እሷ ትሰፍራለች፣ እሱ ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ፍሬ ይለቅማል። መንደሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሰለቸውና ተወው። እናቴ ያን ጊዜ ባል አግብታ አጠገባቸው ትኖር ነበርና በየቀኑ ምሳ ይዛላቸው ትሄዳለች። በሦስተኛው ቀን ከሩቅ ሳቅ ሰማች። ሰው መጥቶባቸው መሰላት። ስትደርስ አባቷ ነው፤ እናቷም ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ፍሬ ሲቆጥር እጁ ሥራ ስለያዘ መሰለኝ አፉ ተፈቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልነገራትን ነገራት። በጎረምሳነቱ አሸዋው ላይ ስለሞተችበት ግመል፣ ወንዝ ሲሻገር ልብሱን ውሃ ወስዶበት ራቁቱን ገበያ ስለመግባቱ፣ እሷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት ቅል ተሸክማ እንደነበረና በዚያ ቀን ከጸሎቱ ስንት ረከዓ እንደሰገደ መርሳቱን። “እሱንም እንደገና ሰገድኩት” አላት። እናቴ በኋላ “አባቴን ያወቅሁት በእነዚያ ስምንት ቀናት ነው” ትል ነበር። ባላየሁት ነገር መናፈቅ ይቻላል? እኔ ያንን አውድማ እናፍቃለሁ።

ጠጠሮቹ ግን በዙ። አሥር ሲሞሉ አንድ ፍሬ ይሆናሉ፣ ያቺ ፍሬ ሌላ ጠጠር ትወልዳለች። በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አራቱ ተጓዦች መጡ። ትልቁ፣ ዓብዱልባሲጥ የሚባለው፣ ጫማውን ሳያወልቅ አውድማው ዳር ቆሞ ተናገረ።

“ማህጁብ፣ ወንድሜ፣ አከበርንህና ጠበቅንህ። ከዚህ በኋላ ብንቆይ ሐጁ ያመልጠናል። ነገ ቀትር ላይ ዙሁር ሰግደን እንወጣለን። ከመጣህ መጣህ። ካልመጣህ መንገዱን እየጠየቅን እንሄዳለን።”

ከሄዱ በኋላ ማህጁብ ክምሩን አየ። ግማሹ እንኳ አልተነካም። ሰፌዱን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ማልቀስ ጀመረ። ብኸይታ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

“አላህ አልፈለገኝም፣ ብኸይታ። ቢፈልገኝ ኖሮ ዕዳዬን መጨረሻ ያደርግለት ነበር። የቱንም ያህል ባወጣ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀርብኛል። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ዓመት የት አገኛለሁ?”

ዝም ብትል ይቀርላት ነበር። ነገ ዙሁር አልፎ፣ ሰዎቹ ሄደው፣ ሽማግሌዋ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር፤ ግን አላህ እንደጠላው የሚያምን ሽማግሌ። እንዲህ ሆኖ ቢቀርላትም ባሏ እንደማይሆን ገባት። ቅሏን ደፍታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“አቡ ዐፊፋ፣ አድምጠኝ። ለአሥሩ ቅል የምታወጣውን ዘካ በሙሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ጨመርከው እንበል። ከረጢቱ ውስጥ ምን አለ?”

“አንድ ቅል፣ አንድ እፍኝ፣ አንድ ቁንጥር፣ አሥር ፍሬ፣ አንድ ፍሬ። ከዚያ ያ የማያልቀው።”

“የማያልቀውም ይግባ። እንዲህ ያለ ከረጢት አሥር ይኑርህ። አሥሩ ውስጥ ያሉት ቅሎች ስንት ናቸው?”

“አሥር ቅል።”

“አሥሩ እፍኝስ ሲደመር?”

“አንድ ቅል።”

“አሥሩ ቁንጥር?”

“አንድ እፍኝ።”

“አሥር ጊዜ አሥር ፍሬ?”

“መቶ። አንድ ቁንጥር።” እንባውን በክንዱ ጠረገ። “አሥር ጊዜ አንድ ፍሬ አሥር ፍሬ። ያ ያልወጣው ቁራጭም አሥር ጊዜ ሲሆን አንድ ፍሬ…”

“ከኋላው ያለውም እንዲሁ አንድ አንድ ደረጃ ከፍ እያለ ይመጣል። እንግዲህ አሥሩን ቅል ለብቻ አስቀምጠውና የቀረውን ጥራልኝ።”

“አንድ ቅል፣ አንድ እፍኝ፣ አንድ ቁንጥር፣ አሥር ፍሬ፣ አንድ ፍሬ…” ቀና ብሎ አያት። “ይሄማ ያው ከረጢቱ ነው።”

“ያው ራሱ ነው፣ ከነማያልቀው። ስለዚህ አሥር ከረጢት ማለት አሥር ቅልና አንድ ከረጢት ነው። ከዚህም ከዚያም አንድ ከረጢት አንሳ። ምን ቀረ?”

ማህጁብ በጣቱ አፈሩ ላይ ጫረ። “ዘጠኝ ከረጢት” አለ። “ዘጠኝ ከረጢት ከአሥሩ ቅል ጋር እኩል።”

“አሥሩ ቅል የቤትህ ነው። ከረጢቱ ዘካህ ነው። ቤትህ ዘጠኝ እጅ ሲወስድ ዘካው አንድ እጅ ነው፣ ምንም አይቀርብህም። ፍሬ አትስበር፣ ጠጠር አትልቀም። ዘጠኝ ቅል ለቤት፣ አሥረኛውን ለዘካ። ከአሥር አንድ ማለት ይኼው ነው።”

እጆቹን ራሱ ላይ ጫነ። ያ ሁሉ ሲያሳድደው የሰነበተ ቁራጭ አንድ ቅል ውስጥ ገብቶ አለቀ። “ሱብሐነላህ” አለ፣ ደጋግሞ። ከዚያ ድንገት “ብኸይታ፣ ይህን መቼ አወቅሽው?” ብሎ ጠየቃት።

“አሁን ነው የታየኝ” አለችው። በሕይወቷ የዋሸችው ይህን ብቻ ነው ብላ ምላ ነግራኛለች። እኔ አላመንኳትም፣ ግን ምላለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጀመሩ። ልጃቸውና ባሏም ሌላ ቅል አመጡ፣ ብኸይታ በእፍኟ ሰፍራ እስከ የት እንደሚሞላ ምልክት አደረገችላቸው። እሷ እስከ ዘጠኝ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ አሥረኛው ላይ ማህጁብ እንደ ጎረምሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ “ለዘካ!” ይላል። በስምንት ቀን ግማሹ ያልተሰፈረ ክምር ዙሁር ሳይደርስ አለቀ። ሰግዶ፣ ስንቁን በትከሻው አንግቶ፣ ጎረቤቱን ተሰናብቶ ሲወጣ ብኸይታ እስከ ቀርቀሃው ዳር ሸኘችው። ምን እንደተባባሉ እናቴ አልሰማችም። ስትመለስ ግን ቀጥታ ወደ አውድማው ሄዳ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቅማ በጨርቋ ጫፍ ቋጠረቻቸው።

አልተመለሰም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓብዱልባሲጥ ብቻውን ከስቶ መጣ። ማህጁብ መካ ደርሷል፣ ሐጁን ፈጽሟል፤ ሲመለሱ ሰዋኪን ላይ ትኩሳት ይዞት ሞቷል። ለቅሶው ሲበርድ ዓብዱልባሲጥ መልእክት አለኝ አለ።

“ሊሞት ሲል ‘ለብኸይታ ስምንቱን ቀን ሀላል ብያታለሁ በላት’ አለኝ። የትኛውን ስምንት ቀን ብለው፣ ‘እሷ ታውቃለች’ ብሎ ሳቀ።”

ብኸይታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና እየሳቀች አለቀሰች። ቤት ውስጥ የነበሩት ሐዘን ያሳበዳት መሰላቸው። ምን ማለቱ እንደሆነ ቢጠይቋት አልተናገረችም።

እኔን የነገረችኝ በመጨረሻዋ መኸር ነው። ቅሉን ማንሳት አቅቷት ነበርና እኔ እሰፍርላታለሁ፣ እሷ ተደግፋ ትቆጥራለች። ዘጠኝ ላይ ዝም ስትል እኔ “ለዘካ” አልኩ፣ እንዲሁ አፌ ላይ መጣልኝ። ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ሁሉንም አወራችልኝ፣ ከፈቂው በቅሎ እስከ ጠጠሮቹ።

“ታዲያ እሱ ሀላል ካለሽ” አልኳት፣ “ስምንቱን ቀን ለምን ትጾሚያለሽ?”

“እሱ የራሱን ነው የማረኝ። ስምንት ቀን ሙሉ ወደ አላህ የሚሄድን ሰው አስቀምጬ ቀኑን ለራሴ በላሁት። ለአላህ አንዲት ቀን አላወጣሁም። ዘካው ያልወጣለት ነገር ሆድ ውስጥ ይከብዳል።”

“ተጸጽተሽ ነዋ።”

አያቴ የማትረባ ልጅ እንዳየች ሆና አየችኝ። እጇን ዘርግታ ከሰፌዱ ላይ አንድ የማሽላ ፍሬ አነሳችና መዳፏ ላይ አገላበጠቻት።

“ምን ያጸጽተኛል? እንደገና ቢሆን አሥር ቀን ነበር የማስቀምጠው” አለች። “ዘጠኙን ለእኔ፣ አንዱን ለአላህ።”